የአንጎል ምት ምልክቶችና የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት፦ ከአርብ ገበያ እስከ ሪፈራል ሆስፒታል ጊዜው የሚባክነው የት ነው?

መግቢያ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አካባቢ ጤነኛ ሆኖ የዋለ ሰው በድንገት አፉ ሲጣመም፣ የአንድ ወገን እጅና እግሩ ሲዝል ወይም አንደበቱ ሲተሳሰር ቤተሰቡና ጎረቤቱ ለሁኔታው የሚሰጡት ስም አላቸው፤ «መጋኛ መታው» ይባላል፤ አንዳንዱም «ነፋስ መታው» ወይም «ምች ነው» ይላል። ሐኪሙ በበኩሉ «የአንጎል ምት»፣ በተለምዶም «ስትሮክ» ይለዋል። ልብ ሊባል የሚገባው ሁለቱም ወገኖች «መታ» ከሚለው ግሥ የወጣ ቃል መጠቀማቸው ነው። የእንግሊዝኛው ስትሮክ ራሱ ምት ማለት ሲሆን፣ የጥንት ግሪካውያን ሐኪሞች «አፖፕሌክሲያ» ሲሉም መትቶ መጣልን ያመለክቱ ነበር። ስያሜው ስለ በሽታው አንድ እውነት ይነግረናል፤ አመጣጡ ድንገተኛ ነው። ስለ ምንጩ ግን ያሳስታል። ጉዳቱ የሚደርሰው በአንጎል ደም ሥሮች ውስጥ ነው፤ ብዙ ጊዜም መንስኤው ለዓመታት ሳይታወቅ የቆየ የደም ግፊት ነው። ልዩነቱ በቃላት ብቻ የሚቀር አይደለም። ሕመሙ ከውጭ መጣ ብሎ ያመነ ቤተሰብ መፍትሔውንም በሌላ አቅጣጫ ይፈልጋል፤ ፍለጋው እስኪያበቃም ሰዓታት ያልፋሉ።

የዓለም አቀፉ የበሽታዎች ጫና ጥናት እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ በመላው ዓለም 12.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች አዲስ የአንጎል ምት እንደደረሰባቸውና 6.55 ሚሊዮን ያህሉ በዚሁ በሽታ እንደሞቱ ገምቷል። አብዛኛው ሞትና የአካል ጉዳት የሚደርሰው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ሆኖም ስለ በሽታው የሚታወቀው ምክር፣ ማለትም «ምልክቱን እንዳዩ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ» የሚለው፣ የተቀረጸው ሲቲ ስካንና የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት በአቅራቢያው ላለ የከተማ ነዋሪ ነው። ለአርብ ገበያ ነዋሪ፣ ይልቁንም ወደ በሽሎ ሸለቆ በሚወርዱት ቀበሌዎች ለሚኖረው ገበሬ፣ ይኸው ምክር ምን ትርጉም አለው? ያ መድኃኒት በማይገኝበት ሥፍራ መፍጠን ጥቅም አለውን?

ይህ አጭር ጽሑፍ ለጥያቄው የሚሰጠው መልስ «አዎን» የሚል ነው፤ ምክንያቱን ግን ማብራራት ያስፈልጋል። በቅድሚያ የምቱን ምንነትና ምልክቶቹን፣ ቀጥሎም ጊዜው የሚባክንባቸውን ደረጃዎች፣ በመጨረሻም ከፍተኛ መሣሪያ በሌለበት ጤና ጣቢያ ቀድሞ መድረስ የሚያስገኘውን ጥቅም ያያል።

ምቱ በአንጎል ውስጥ ምን ያደርጋል?

የአንጎል ምት በሁለት ዋና ዋና መንገዶች ይከሰታል። የመጀመሪያው የአንጎል ደም ሥር በረጋ ደም ሲዘጋ ነው። ሁለተኛው ደም ሥሩ ሲፈነዳና ደም ወደ አንጎል ሲፈስ ነው። በበለጸጉ አገሮች ከመቶ 85 ያህሉ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የተካሄዱ ጥናቶች ግን የደም መፍሰስ ድርሻ ከዚያ ከፍ ያለ መሆኑን ያሳያሉ፤ ለዚህም ያልታከመ የደም ግፊት ዋነኛ ተጠያቂ ተደርጎ ይወሰዳል። ሁለቱ ዓይነቶች በውጭ በሚታዩ ምልክቶች በአስተማማኝ ሁኔታ አይለዩም። የተዘጋ ደም ሥር ያለው ሰውም፣ ደም የፈሰሰበት ሰውም አፉ ሊጣመም፣ እጁ ሊዝል፣ አንደበቱ ሊተሳሰር ይችላል። ለያይቶ የሚያሳየው ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ነው።

ደም ሥር ሲዘጋ ከመዘጋቱ ነጥብ አጠገብ ያለው የአንጎል ክፍል በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታል። በዙሪያው ያለው ሰፊ ክፍል ግን ሥራውን ያቆማል እንጂ ወዲያው አይሞትም፤ ከአጎራባች ደም ሥሮች በሚደርሰው ጥቂት ደም ለተወሰኑ ሰዓታት ይቆያል። በሕክምናው «ፔናምብራ» የሚባለው ይህ ክፍል ነው፤ በጊዜ የሚደረግ ሕክምና ሁሉ የሚሻማው ለእርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ የታወቀ ስሌት እንዳመለከተው፣ አንድ ትልቅ የአንጎል ደም ሥር ተዘግቶ ሳይታከም ሲቀር በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት ይጠፋሉ።

የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት፣ አልቴፕሌዝ፣ ጥቅሙ በእርግጠኝነት የታየው እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ በወጣ ጥናት ሲሆን፣ ያኔ የተወሰነው ጊዜ 3 ሰዓት ነበር። በ2008 የአውሮፓ ጥናት ይህን ወደ 4 ሰዓት ተኩል አራዘመው። በ2014 የበርካታ ጥናቶችን ውጤት ያጠቃለለ ትንተና እንዳሳየው፣ መድኃኒቱን በ3 ሰዓት ውስጥ ካገኙት ሕሙማን 33 በመቶ ያህሉ ጥሩ ማገገም ሲያሳዩ፣ ካላገኙት 23 በመቶ ያህሉ አሳይተዋል። ከ3 እስከ 4 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ልዩነቱ ወደ 35 እና 30 በመቶ ይጠባል። ከዚያ በኋላ ጥቅሙ እየጠፋ ይሄዳል። ቁጥሮቹ የሚያስተምሩት መድኃኒቱ አንድ ሆኖ ሳለ የሚሰጠው ጥቅም ግን በሰዓቱ የሚወሰን መሆኑን ነው።

ምልክቶቹን በቤት ውስጥ መለየት

ምልክቶቹን ለማወቅ የሕክምና ትምህርት አያስፈልግም። በዓለም ዙሪያ የሚታወቀው ዘዴ ሦስት ነገሮችን ያያል፤ ፊትን፣ ክንድንና ንግግርን። አራተኛው ጊዜ ነው። ሕመምተኛው ጥርሱን እንዲያሳይ ወይም ፈገግ እንዲል ይጠየቃል፤ አንደኛው የአፉ ጥግ ወደ ታች ከቀረ ምልክት ነው። ዐይኑን ጨፍኖ ሁለት ክንዶቹን ወደ ፊት ዘርግቶ ለዐሥር ሴኮንድ ያህል እንዲይዝ ይደረጋል፤ አንደኛው ካልተነሣ ወይም ቀስ በቀስ ከወረደ ምልክት ነው። እንዲናገር ይጠየቃል፤ ቃሉ ከተኮላተፈ፣ ከተሳከረ ወይም ጨርሶ ካልወጣ ምልክት ነው። ከሦስቱ አንዱ ብቻ እንኳ በድንገት ከታየ የአንጎል ምት ነው ብሎ መነሣት ይገባል።

በዕለት ተዕለት ኑሮ ምልክቱ ብዙ ጊዜ በፈተና ሳይሆን በሥራ መካከል ይታያል። ሲኒ ከእጅ ይወድቃል፤ እንጀራ የሚቆርሰው ቀኝ እጅ ጉርሻውን አፍ ዘንድ ማድረስ ይሳነዋል፤ ጋቢ ከአንድ ትከሻ ይንሸራተታል፤ አንድ እግር ይጎተታል። ከእነዚህ ሌላ ድንገተኛ የዐይን ብርሃን መጥፋት፣ ሚዛን መሳትና ከዚህ በፊት ተሰምቶ የማያውቅ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ በተለይም ትውከት ሲታከልበት፣ የምቱ መገለጫዎች ሊሆኑ ይችላሉ። የሁሉም የጋራ ባሕርይ ድንገተኛነት ነው።

የንግግሩ ፈተና በእኛ አካባቢ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቤተሰብ ሕመምተኛውን የሚያናግረው በሰላምታ ነው፤ «እንደምን ነዎት?» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ከመለሰ አንደበቱ ደኅና ነው ተብሎ ይታሰባል። አቡነ ዘበሰማያትን ሳያቋርጥ ከደገመ ደግሞ ጥርጣሬው ሁሉ ይወገዳል። ነገር ግን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእንግሊዙ የነርቭ ሐኪም ጆን ሂውሊንግስ ጃክሰን እንዳብራራውና ከዚያ ወዲህም በተደጋጋሚ እንደተረጋገጠው፣ ከልጅነት ጀምሮ በቃል የተያዘ ንግግር፣ ማለትም ሰላምታ፣ ጸሎት፣ ቁጥር መቁጠርና የሳምንቱን ቀናት በተርታ መጥራት፣ የቋንቋ ክፍሉ በተጎዳ ሰውም ዘንድ ሳይነካ ሊቀር ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ጸሎቱን አድርሶ ሲያበቃ የያዘውን ዕቃ ስም መጥራት ወይም ጠዋት ምን እንደሠራ መናገር ያቅተው ይሆናል። ስለዚህ ፈተናው በቃል ከተያዘ ነገር ውጭ መሆን አለበት፤ ሲኒውን ወይም ማጭዱን አሳይቶ «ይህ ምን ይባላል?»፣ «ዛሬ ከየት መጡ?»፣ «ቀኝ እጅዎን በግራ ጆሮዎ ላይ ያድርጉ» ማለት ይሻላል። የውጭ አገር መመሪያዎችን ወደ አማርኛ የሚመልሱ የጤና አስተማሪዎች ይህን ሊያስቡበት ይገባል።

ጊዜው የሚባክንባቸው ደረጃዎች

ስለ መዘግየት ሲነሣ አስቀድሞ የሚታሰበው መንገድ ነው። የጋይንት መልክዐ ምድር ይህን ያጸናል፤ ከወረታ ወደ ወልዲያ የሚያልፈው ዋና መንገድ ደብረ ታቦርንና ነፋስ መውጫን ቢያገናኝም፣ ከዋናው መንገድ ወጣ ብለው ያሉት ቀበሌዎች ሕመምተኛን በቃሬዛ ተሸክመው የመኪና መንገድ ላይ ማድረስ ግድ ይላቸዋል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ግጭትም በተለይ የሌሊት ጉዞን አክብዶታል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ይሁንና በበርካታ አገሮች የተካሄዱ ጥናቶች በተደጋጋሚ እንዳሳዩት፣ ከምቱ መጀመር አንሥቶ እስከ ሆስፒታል ደጃፍ ባለው ጊዜ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ጉዞው ከመጀመሩ በፊት ያለው የውሳኔ ጊዜ ነው። መንገድን ማሳጠር የመንግሥት በጀትና ዓመታት ይጠይቃል፤ የውሳኔን ጊዜ ማሳጠር ግን በቤተሰብ ዕውቀት ይቻላል።

የውሳኔው ጊዜ የሚባክነው በሦስት መንገዶች ነው። አንደኛው መጠበቅ ነው። የአንጎል ምት ብዙውን ጊዜ ሕመም የለውም። እጁ የዛለ ሰው አይጮኽም፤ «ይደክመኛል፣ ልተኛ» ይላል። ምጥ የያዛት ሴት ወይም የተሰበረ ሰው ጎረቤትን ያስነሣል፤ ዝም ብሎ የተኛ ሽማግሌ ግን እስኪነጋ ይጠበቃል።

ሁለተኛው በቤት የሚሞከር ሕክምና ነው። ፌጦ በሎሚ፣ ዳማከሴ፣ ጤና አዳም፣ አረቄ፣ ቡና ወይም አጥሚት ይቀርባል። እዚህ ላይ ጉዳቱ ከጊዜ መባከን ያልፋል። ምቱ የመዋጥ ችሎታን ስለሚያውክ፣ በአፍ የተሰጠ ማንኛውም ነገር ወደ ሳንባ ሊገባና የሳንባ ምች ሊያስከትል ይችላል። ከምቱ በኋላ ባሉት ቀናት ሕሙማንን ከሚገድሉት ዋና ዋና ችግሮች አንዱም ይኸው ነው። አስፕሪንም ቢሆን በቤት ውስጥ መሰጠት የለበትም፤ ምቱ ከደም መፍሰስ የመጣ ከሆነ ያባብሰዋልና። የጎረቤትን የደም ግፊት መድኃኒት መዋጥም እንዲሁ አደገኛ ነው፤ ግፊቱ በድንገት ሲወርድ ያ በጥቂት ደም የቆየው የአንጎል ክፍል ያንኑ ያጣል።

ሦስተኛው ቅደም ተከተል ነው። ሕመምተኛውን በቅድሚያ ወደ ጸበል መውሰድ በአካባቢው የተለመደ ነው። ጸሎትና ሕክምና የግድ የሚጋጩ አይደሉም፤ ለምእመኑም አንዱን ትቶ ሌላውን እንዲመርጥ መጠየቅ አስፈላጊ አይደለም፤ ውጤታማም አይሆንም። ጸበሉ ነገም ከነገ ወዲያም ይገኛል፤ የአንጎሉ ክፍል ግን ለነገ አይቆይም። ይህን ቃል የንስሐ አባት ቢናገሩት ከጤና ባለሙያው ይልቅ ይሰማል፤ ስለዚህ ካህናት በዚህ ጉዳይ የመጀመሪያዎቹ የሥልጠና ተሳታፊዎች ሊሆኑ ይገባል።

በቤት ውስጥ መደረግ ያለበት ጥቂት ነው፤ ሕመምተኛውን በጎኑ ማስተኛት፣ አንገቱን የሚያጠብቅ ልብስ ማላላት፣ በአፉ ምንም አለመስጠት፣ ምቱ የጀመረበትን ሰዓት መያዝ፣ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ይዞ ተሸካሚና መኪና መጥራት። ለየወረዳው የተሰጡት አምቡላንሶች በዋናነት ለወላዶች የታሰቡ ናቸው፤ ምቱም የአምቡላንስ ጉዳይ መሆኑን ኅብረተሰቡም አምቡላንሱን የሚያሰማራውም አካል እኩል ሊረዱት ይገባል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የአምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።

ሰዓቱን መያዝና መጻፍ

ሐኪሙ በቅድሚያ የሚጠይቀው «መቼ ጀመረው?» የሚለውን ነው። ጥያቄው በትክክል ሲቀመጥ «ለመጨረሻ ጊዜ ደኅና ሆኖ የታየው መቼ ነው?» የሚል ነው። ሌሊት ተኝቶ ጠዋት ሽባ ሆኖ የተነሣ ሰው ሰዓቱ የሚቆጠረው ከነቃበት ሳይሆን ደኅና ሆኖ ከተኛበት ነው። ሰዓት በማይታይበት ቤት ጥያቄውን ከኑሮው ጋር ማያያዝ ይጠቅማል፤ ከብት ሲሰማራ ደኅና ነበሩን? ቅዳሴ ሲወጣ አብረው ነበሩን? ገበያ ሲፈርስ ማን አያቸው?

ከዚህ ቀጥሎ በእኛ አገር የሚያጋጥም አደጋ አለ። ቤተሰብ ሰዓት የሚቆጥረው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሆን፣ በሕክምና ወረቀት ላይ ግን አንዳንዱ በአገሩ፣ አንዳንዱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይጽፋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 6 ሰዓት ነው፤ ይህም ለማሟሟያው መድኃኒት ከተወሰነው 4 ሰዓት ተኩል ይበልጣል። ምሳሌ እንውሰድ። ምቱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀመረ፤ በሪፈር ወረቀቱ ላይ «3፡00» ተብሎ ብቻ ተጻፈ፤ ሕመምተኛው እኩለ ቀን ላይ ደረሰ። በእውነቱ ያለፈው 3 ሰዓት ነው። ተቀባዩ ሐኪም ጽሑፉን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ካነበበው ግን ምቱ ሌሊት የጀመረ፣ 9 ሰዓትም ያለፈው ይመስለዋል፤ ሕክምናውም ይቀራል። የተገላቢጦሹ ይበልጥ አስጊ ነው። ምቱ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ «9፡00» ተብሎ ከተጻፈ፣ እኩለ ቀን ላይ የሚያነበው ሐኪም 3 ሰዓት ብቻ ያለፈ ሊመስለው ይችላል፤ መድኃኒቱ ጊዜው ካለፈ በኋላ መስጠት ደግሞ የደም መፍሰስን አደጋ ያስከትላል። መፍትሔው ቀላል ነው። ሰዓት በወረቀት ላይ ሲሰፍር «ጠዋት»፣ «ቀን»፣ «ማታ» ወይም «ሌሊት» ከሚል ቃል ጋር፣ አቆጣጠሩም ተጠቅሶ ይጻፍ።

ከፍተኛ መሣሪያ በሌለበት ቶሎ መድረስ ምን ይጠቅማል?

ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። በአገራችን የማሟሟያው መድኃኒት በሰፊው አይገኝም። ሲቲ ስካን ፍለጋም ሕመምተኛው ወደ ደብረ ታቦር፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ ባሕር ዳር ወይም ጎንደር ሊጓዝ ይችላል። ታዲያ በመጀመሪያው ሰዓት ጤና ጣቢያ መድረስ ምን ይለውጣል?

በመጀመሪያ፣ ምት የሚመስሉ ግን ወዲያው የሚታከሙ ሕመሞች አሉ። ከሁሉ የሚቀድመው የደም ስኳር መውረድ ነው። የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊን ወስዶ ምግብ ሲዘገይበት አንድ ወገኑ ሊዝል፣ አንደበቱ ሊተሳሰር ይችላል። በጣት ጠብታ ደም የሚሠራ የስኳር መለኪያና በደም ሥር የሚሰጥ ግሉኮስ በደቂቃዎች ውስጥ ሊያድኑት ይችላሉ፤ ከዘገየ ግን ጉዳቱ ዘላቂ ይሆናል። የሚጥል በሽታ፣ የማጅራት ገትርና በቆላማው ክፍል ደግሞ ወደ አንጎል የወጣ ወባ እንዲሁ ተለይተው መታየት አለባቸው።

ሁለተኛ፣ በቀላል መሣሪያ የሚደረግ ክብካቤ ራሱ ሕይወት ያድናል። በአውስትራሊያ ኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት በ19 የስትሮክ ክፍሎች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ነርሶች በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ሦስት ነገሮችን ብቻ በሥርዓት እንዲከታተሉ አደረገ፤ ትኩሳትን፣ የደም ስኳርንና መዋጥን። ከ90 ቀናት በኋላ በሥርዓቱ ከታከሙት 42 በመቶ ያህሉ ሲሞቱ ወይም የሰው ጥገኛ ሲሆኑ፣ ባልታከሙት ዘንድ ግን ቁጥሩ 58 በመቶ ነበር። ቴርሞሜትር፣ የስኳር መለኪያና የመዋጥ ፈተና በየትኛውም ጤና ጣቢያ ሊኖሩ የሚችሉ ናቸው። በእርግጥ የአውስትራሊያ ሆስፒታልና የወረዳ ጤና ጣቢያ እኩል አይደሉም፤ ልዩነቱን ያመጣው ግን ውድ መሣሪያ ሳይሆን የነርሶች ሥርዓት ያለው ክትትል ነው።

ሦስተኛ፣ ስህተትን መከላከል ነው። የደም ግፊት 200 ከደረሰ ወዲያውኑ ማውረድ ባለሙያን ሊፈትን ይችላል። ደም ሥሩ በተዘጋበት ምት ግን፣ ማሟሟያ የማይሰጥ ከሆነና ሌላ አስገዳጅ ምክንያት ከሌለ፣ መመሪያዎች ግፊቱ ከ220 በ120 በላይ እስካልሆነ በመጀመሪያው ቀን እንዳይነካ ይመክራሉ። ደም በፈሰሰበት ምት ደግሞ ግፊቱን በጥንቃቄ ወደ 140 አካባቢ ማውረድ ይመከራል። ዓይነቱ ሳይለይ በጤና ጣቢያ በችኮላ መወሰን አይገባም። የጤና ጣቢያው ዋና ሥራ አተነፋፈስን መጠበቅ፣ ስኳርን መለካት፣ በአፍ ምንም አለመስጠት፣ ሰዓቱን መመዝገብና ወደሚቀበለው ሆስፒታል አስቀድሞ ስልክ ደውሎ ሕመምተኛውን መላክ ነው።

ያለፈው ምልክት ማስጠንቀቂያ ነው

ከሁሉ ይበልጥ የሚዘነጋው መጥቶ የሄደው ምልክት ነው። እጅ ለዐሥር ደቂቃ ዝሎ ይመለሳል፤ አንደበት ተሳስሮ ይፈታል። ቤተሰቡ ደስ ብሎት ይተወዋል። በሕክምና አላፊ የአንጎል ደም እጥረት የሚባለው ይህ ክስተት ግን ሊመጣ ያለውን ያሳስባል። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ የወጣ ጥናት እንዲህ ካጋጠማቸው ሰዎች ከመቶ 10 የሚበልጡት በ90 ቀናት ውስጥ ሙሉ ምት እንደደረሰባቸው፣ ከእነዚህም ግማሽ ያህሉ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደተጠቁ አሳየ። በ2007 በእንግሊዝ ኦክስፎርድ የተካሄደ ሌላ ጥናት ደግሞ እንዲህ ያለ አላፊ ጥቃት ወይም ቀላል ምት የደረሰባቸው ሰዎች ፈጥነው ሲታዩና በዚያው ቀን መድኃኒት ሲጀምሩ አደጋው በ80 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ አረጋገጠ። ከተሰጡት መድኃኒቶች አብዛኞቹ የተለመዱና ውድ ያልሆኑ ነበሩ። ለገጠር ወረዳ ተስፋ ካለ፣ አንዱ በር ይህ ነው።

በታሪካችን ይህን የሚያስታውስ ጉዳይ አለ። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በጥቅምት 1902 ዓ.ም. ከደረሰባቸው ከባድ ምት በፊት ባሉት ጥቂት ዓመታት ቀለል ያሉ ጥቃቶች አጋጥመዋቸው ነበር። ከከባዱ ምት በኋላ አካላቸው ሽባ ሆኖ፣ አንደበታቸውም ተይዞ እስከ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ድረስ ከአራት ዓመት በላይ በአልጋ ላይ ቆዩ፤ አገሪቱም በዚህ ጊዜ ሁሉ የአልጋ ወራሽና የእንደራሴ ጭንቀት ውስጥ ገባች። በዘመኑ የደም ግፊትን የሚቆጣጠር መድኃኒት አልነበረምና ፈጥኖ መታከም ብዙ ባልለወጠ ነበር። ዛሬ ግን መድኃኒቱ በጤና ጣቢያ ደረጃ የሚታዘዝ ነው። በቤተ መንግሥት የታየው በጎጆ ቤትም ያው ነው፤ ምቱ ሁልጊዜ አይገድልም፤ ለዓመታት አስታማሚ የሚሻ ሰው ትቶ ይሄዳል፤ አስታማሚዋም ብዙ ጊዜ ከትምህርት ቤት የምትቀር ልጅ ወይም እርሻውን የምታስታርስ ሚስት ናት።

የማስጠንቀቂያው ማስጠንቀቂያ የደም ግፊት ነው። በ32 አገሮች የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ኢንተርስትሮክ የተባለ ጥናት ሊለወጡ የሚችሉ ዐሥር ምክንያቶች ከመቶ 90 ያህሉን የምት አደጋ እንደሚያብራሩ ሲያሳይ፣ ከሁሉ የሚበልጠውን ድርሻ የያዘው የደም ግፊት ነበር። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2015 በተደረገው ብሔራዊ ዳሰሳ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ከሆኑት 16 በመቶ ያህሉ ከፍ ያለ የደም ግፊት ታይቶባቸዋል፤ አብዛኞቹም ሕክምና ላይ አልነበሩም። ግፊት በራሱ ስለማያሳምም ሰው አይመረመርም፤ የጀመረውም «ተሽሎኛል» ብሎ መድኃኒቱን ይተወዋል።

ማጠቃለያና የመፍትሔ ሐሳቦች

ከላይ ከተብራራው የሚወጣው ዋና ሐሳብ ይህ ነው። በአርብ ገበያና በመሰል ወረዳዎች መፍጠን ትርጉም የሚያገኘው ማሟሟያው መድኃኒት ሲመጣ ብቻ አይደለም፤ ዛሬ ባለው አቅምም የስኳር መውረድን ለይቶ ለማከም፣ የሳንባ ምችን ለመከላከል፣ ጎጂ ሕክምናን ለማስቀረትና ሁለተኛውን ምት ለማዳን ያገለግላል። ማሟሟያው ነገ ሲመጣም የሚጠቅመው የውሳኔን ጊዜ አስቀድሞ ማሳጠር ለለመደ ማኅበረሰብ ነው። በመሆኑም የሚከተሉት ሐሳቦች ለውይይት ቀርበዋል።

አንደኛ፣ የፊት፣ የክንድና የንግግር ፈተና በአማርኛ ተቀርጾ፣ የንግግሩ ክፍል በቃል ከተያዘ ሰላምታና ጸሎት ውጭ እንዲሆን ተደርጎ በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች አማካይነት ይሰራጭ። ሁለተኛ፣ በእድር፣ በሰንበቴና በማኅበር ላይ ካህናትና ሽማግሌዎች «አስቀድሞ ሐኪም ቤት» የሚለውን እንዲያስተምሩ ይሠልጥኑ። ሦስተኛ፣ የሪፈር ወረቀት የምቱን መጀመሪያ ሰዓትና አቆጣጠሩን የሚያሰፍር ቦታ ይኑረው። አራተኛ፣ ሰው በሚሰበሰብበት በገበያ ቀን የደም ግፊት መለኪያ ቦታ ይዘጋጅ፤ ስሟ ራሱ የዓርብን ገበያ ለሚያስታውስ ከተማ ይህ ለማስጀመር የሚከብድ አይደለም።

ለተመራማሪዎች ደግሞ አንድ ሥራ ቀርቷል። በአካባቢው ካለ ቤት እስከ ሆስፒታል ያለውን ጊዜ በክፍል በክፍል መለካት፣ ማለትም ምልክቱ ከታየበት እስከ ተወሰነበት፣ ከተወሰነበት እስከ ተነሡበት፣ ከተነሡበት እስከ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያ እስከ ሪፈራል ሆስፒታል ያለውን ለየብቻ መመዝገብ። እንዲህ ያለ ጥናት በጥቂት ወጪ፣ በአንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ አቅም ሊሠራ የሚችል ሲሆን፣ ሀብቱ በመንገድ፣ በአምቡላንስ ወይም በትምህርት ላይ ቢውል የት ብዙ ሰው እንደሚያድን ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ያሳያል።